ባዶ የሚተወው ቦታ

መስከረም 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡15 ላይ፣ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ባለው ቤቴ ቡና እየጠጣሁ ሳለ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተንቀጫቀጩ። የመሬት መንቀጥቀጡ መነሻ ከማንስፊልድ ወዲያ ነበር፤ መጠኑ 5.9። ቻፕል ጎዳና ላይ የአንድ ምግብ ቤት የጡብ ግድግዳ ተናደ። የእኔ ልብ ግን ከመሬት በታች ነበር፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት የውሃ መስመር በመንደፍ ነውና።

ለሙያው አዲስ የሆነ ሰው ጠንካራ መስመር ማለት ጥብቅ መስመር ይመስለዋል። መሬት ሲንሸራተት ግን ቧንቧውን ይዞት ይሄዳል፤ ታግሎ የሚያስቆመው ብረት የለም። ጃፓኖች ለዳክታይል አይረን ቧንቧ የሠሩትን መገጣጠሚያ የምወደው ለዚህ ነው። የአንዱ ጫፍ በሌላው አፍ ይገባል፤ እስከ ጥግ ግን አይገፋም። ጫፉ ዙሪያውን ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ አፉ ውስጥ የብረት ቀለበት ተቀምጧል። 4 ሜትር የሆነ ቧንቧ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል መንሸራተት ይችላል። ክፍተቱ ሲያልቅ ከንፈሩ ቀለበቱ ላይ ይያዝና ቀጣዩን ቧንቧ እንደ ሰንሰለት ይጎትታል። ይህ ሁሉ ሲሆን መገጣጠሚያውን የሚያሽገው ጎማ ውሃውን እንደያዘ ነው። ገጣጣሚው ያን ክፍተት ዘንግቶ ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ከገፋው ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ የተሰመረውን ምልክት ተንበርክኬ ሳላይ ጉድጓድ አላስደፍንም።

ክራይስትቸርች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 በመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱ እንደ አጥሚት ቀጥኖ የቆዩ ቧንቧዎችን ሲሰባብር፣ ፖሊኢትሊን የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በአብዛኛው ተርፏል። ሜልበርን እንደዚያች ከተማ አይደለችም፤ በየሰፈሩ ውድ መገጣጠሚያ ይቀበር አልልም። ከፖርት ሜልበርንና ከዶክላንድስ ሥር ያለው፣ ኩድ አይላንድ ሲልት የሚባለው ለስላሳ ጭቃ ከጠንካራው መሬት በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ግን በዋጋ አልደራደርም።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ አልረጋ ሲል፣ አዲስ አበባ ያለ ወጣት መሐንዲስ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሙቀት የሚበየደውን ፖሊኢትሊን ብጠቀም ይበቃል?»

«ቧንቧው ይበቃል። ታንከሩ ጋ ስትደርስስ?» አልኩት። ኮንክሪቱ ባለበት ሲቆም በዙሪያው ያለው አፈር ይሰምጣል፤ ቧንቧው ግድግዳው ሥር ይቆረጣል። አንድ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ዘንበል ከማለት ሌላ አይችልም። አጭር ቧንቧ መሃል አስገብቶ ሁለት ሲያደርጉት ነው፣ እንደ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት፣ መስመሩ ሳይቆረጥ ዝቅ የሚለው።

ማታ ንድፉን በስልክ ላከልኝ። አጭሯ ቧንቧ አለች፣ መገጣጠሚያዎቹም ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ግን ከግድግዳው 3 ሜትር ርቋል።

«አስጠጋው፣ ልጄ» ብዬ መለስኩለት።