የቱ ጋ ነው የቆመው?

ባንክ ቤት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» የተባለ ሰው ወይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ወይ ሌላ ቅርንጫፍ ይሞክራል። የኮምፒዩተር ኔትወርክ መግቢያ ኮርስን በወጉ የተማረ ሰው ግን ቢያንስ በሆዱ መጠየቁ አይቀርም፦ መስመሩ ነው የተቋረጠው? አድራሻ ተዛብቶ ነው? ወይስ መስመሩም አድራሻውም ደህና ሆኖ ማዶ ያለው ሰርቨር ነው እምቢ ያለው? ኮርሱ በአንድ ሴሚስተር ብዙ ነገር ያስተምራል። ለሥራ የሚተርፈው በዋናነት ይህ ችግርን እያጠበቡ የመፈለግ ልማድ ነው።

ፈተናው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ተማሪው ሰባቱን የኦኤስአይ ሌየሮች በቅደም ተከተል ሸምድዶ ይገባል፣ ጽፎ ይወጣል። ኦኤስአይ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኖ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የኢንተርኔት እናት የሆነው አርፓኔት ግን ከዚያ ቀድሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደ ቲሲፒ/አይፒ ተሻግሮ ነበር። ስለዚህ ይኸው ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ ዋየርሻርክን ከፍቶ እውነተኛ ፓኬት ሲያይ «ሴሽን» እና «ፕረዘንቴሽን» የተባሉትን ሌየሮች ፈልጎ ያጣቸዋል። የኤተርኔት፣ የአይፒና የቲሲፒ ሄደሮች በየተራቸው ተደርድረዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለአፕሊኬሽኑ የተተወ ነው።

መምህራንም ከየት መጀመር እንዳለበት አይስማሙም። አንድሪው ታነንባም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ከሽቦው ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ጄምስ ኩሮስና ኪት ሮስ ደግሞ ተማሪው በየቀኑ ከሚያየው ከድረ ገጽና ከኢሜይል ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ። ሁለተኛው መንገድ ተማሪን ቶሎ ይይዛል፤ የሚያውቀው ነገር ነውና። ብልሽት ሲመጣ ግን ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከታች ነው፦ መጀመሪያ የስዊቹ ፖርት መብራት በርቷል ወይ?

አንድ ገጽ ሲከፈት በዋየርሻርክ የሚታየውን መመልከት ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል። አዲስ ማሽን ኬብሉ እንደተሰካለት አድራሻ ፍለጋ ይጮኻል፤ ዲኤችሲፒ በአራት መልእክት አይፒ ይሰጠዋል። ቀጥሎ «192.168.1.1 የማን ነው?» የሚል የኤአርፒ ጥያቄ ለሁሉም ይበተናል፤ ሩተሩ ባለ 48 ቢት የማክ አድራሻውን ይመልሳል። ከዚያ የገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ይጠየቃል። ቁጥሩ ሲገኝ ሲን፣ ሲን-አክ፣ አክ የተባሉት ሦስቱ የቲሲፒ ፓኬቶች ይመላለሳሉ። ከገጹ አንዲት ፊደል እንኳ ገና አልደረሰችም።

ጥሩ መምህር እዚህ ላይ አንድ ነገር ያበላሻል። የዲኤንኤሱን አድራሻ በተሳሳተ ቁጥር ይተካና ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል።

«ቲቸር፣ ኢንተርኔት ጠፋ።»

«8.8.8.8ን ፒንግ አድርጊው እስቲ።»

ፒንጉ ይመልሳል፤ ብራውዘሩ ግን አሁንም ባዶ ነው። መስመሩ እስከ ውጭ ድረስ ይሠራል፣ የጠፋው ስም ተርጓሚው ብቻ ነው። ይህን በገዛ እጇ የለየች ተማሪ የሌየርን ትርጉም ከዚያ በኋላ መሸምደድ አያስፈልጋትም።

ኬብል መሥራት እንደ ተራ የእጅ ሥራ ይታያል፤ ነገር ግን የራሱ ወጥመድ አለው። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች በአራት ጥንድ ተጠማዘው ይገኛሉ። ብዙዎች ጥንዶቹን በየቀለማቸው ጎን ለጎን ቢደረድሩ ትክክል ይመስላቸዋል፤ ሁለቱን ጫፍ አንድ ዓይነት ካደረጉት በርካሹ ቴስተር ላይ ስምንቱም መብራት በየተራ ይበራል። ኬብሉ ግን ያስቸግራል፤ በተለይ ሲረዝም። ኤተርኔት 3ኛውንና 6ኛውን ፒን እንደ አንድ ጥንድ ይጠቀማል፤ በዚያ አደራደር ሁለቱ ከተለያየ ጥንድ የመጡ ስለሚሆኑ ጥምዘዛው ከጎረቤት ሽቦ ጫጫታ አይከላከላቸውም። አረንጓዴው ከነጭ-አረንጓዴው ተለይቶ ሰማያዊዎቹን መሃል የሚያስገባው ለዚህ ነው። ቴስተሩ የሚያየው ሽቦው መድረሱን ብቻ ነው።

በሰብኔቲንግ ላይም ዓይን ያታልላል። 192.168.10.60 እና 192.168.10.70 ጎረቤት ይመስላሉ። ማስኩ /26 ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሰብኔት 64 አድራሻ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ከ0 እስከ 63፣ ሁለተኛው ከ64 እስከ 127 ነው። ስለዚህ ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ስዊች ላይ ቢሰኩም ያለ ሩተር አይገናኙም።

እስካሁን የተነሱት ችግሮች ሁሉ አንድ የተበላሸ ቦታ አላቸው። ከባዱ ምንም ሳይበላሽ የሚቆመው ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 በሎረንስ በርክሊ ላብራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ መካከል ያለው መስመር፣ ርቀቱ 400 ያርድ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሽቦው ደህና ነበር፣ ማሽኖቹም ደንባቸውን ይከተሉ ነበር። ፓኬት ሲዘገይ ጠፋ ብለው ደግመው ይልካሉ፤ የተደገመው መጨናነቁን ያባብሰዋል። ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካረልስ ችግሩን አጥንተው ቲሲፒ በጥቂት ፓኬት ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲጨምር፣ ፓኬት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው እንዲቀንስ አደረጉ። ይህን የገለጹበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ታተመ።

የኢትዮጵያ ተማሪ ደግሞ በራሱ ፒንግ የሚለካው ሌላ ጉዳይ አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። መስመሩም ቀጥታ አይሄድም። አገሪቱ ወደብ ስለሌላት ፋይበሩ መጀመሪያ እንደ ጅቡቲ ባለ ጎረቤት አገር በኩል ባሕር ላይ መድረስ አለበት። በሜጋቢት የሚሸጥ ፓኬጅ ቢያድግም ይህ ርቀት አያጥርም። የቪዲዮ ጥሪ ድምፅ የሚዘገይበትን አንዱን ምክንያት ተማሪው በሒሳብ ያገኘዋል።

ሩተርና ስዊች በበቂ ቁጥር በሌለበት ላብራቶሪ ፓኬት ትሬሰር የተባለው የኔትወርክ ማስመሰያ ፕሮግራም ብዙውን ይሸፍናል፤ በደንብ ያልተቆነጠጠ ኬብል ወይም የላላ ሶኬት ግን እዚያ አይገኝም። ስለዚህ የማጠቃለያ ፈተናው ቢቻል በእውነተኛ ዕቃ ላይ ቢሆን ይመረጣል፦ መምህሩ ኔትወርኩን ሁለት ሦስት ቦታ ያበላሻል፣ ተማሪው ደግሞ ምን እንደሞከረ፣ ምን እንዳየና በዚያ የተነሳ የትኛውን ጥርጣሬ እንደጣለ በቅደም ተከተል ይጽፋል። ሁሉንም አጥፍቶ ያበራ ተማሪ ኔትወርኩ ቢነሳለትም የሚታረመው በጻፈው ነው፤ የትኛው ብልሽት የት እንደነበር ካላስረዳ ነጥቡ አይሰጠውም።