የወረዳው የበጀት ሰሌዳና አንባቢው
አጭር ትችት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም። ከዚሁም ጋር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ሌላ ተረት አለ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን ብንመለከታቸው ሕዝባችን ስለ ሹም የነበረውን አስተያየት ይገልጹልናል። አንደኛው ሹም አይጠየቅም ይላል፤ ሁለተኛው ግን ሹም እንደሚበላ ሕዝቡ አጥርቶ ማወቁን ይመሰክራል። ስለዚህ የጐደለው ዕውቀት ብቻ አይመስለንም። የጐደለው ሕዝቡ የሚያውቀውን ይዞ በየት በኩል፣ ማንን፣ በምን ቃል እንደሚጠይቅ የሚያሳየው መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህን መንገድ ያሳያል ተብሎ የተዘጋጀውን አንድ ጽሑፍ፣ ይኸውም በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚለጠፈውን የበጀት ማስታወቂያ ነው።

ማስታወቂያ የትችት ጕዳይ ሊሆን አይችልም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማንኛውም ጽሑፍ ደራሲና አንባቢ፣ ዓላማና አጻጻፍ አለው። ልብ ወለድ ቢበላሽ አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ይተወዋል፤ የበጀት ማስታወቂያ ቢበላሽ ግን የውሃው ቧንቧ ለምን እንደ ደረቀ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ከልብ ወለዱ ይልቅ ይህ ጽሑፍ ጠንከር ያለ ምርመራ ይገባዋል እንላለን።

አስቀድመን የነገሩን አመጣጥ በአጭሩ እንመልከት። በቀድሞው ዘመን ዐዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት ተጐስሞ ይነገር ነበር፤ የገዢው ድምፅ ወደ ሕዝቡ ይወርድ ነበር እንጂ የሕዝቡ ጥያቄ በዚያው መንገድ ተመልሶ አይወጣም ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ አንዳንድ አውራጃዎች የራሳቸው ምክር ቤት እንዲኖራቸው አስቦ ነበር፤ ሆኖም በፓርላማው ዘንድ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት የደርግ ዓመታት ግን ነዋሪው የተማረው ቀበሌ ሰውን እንደሚጠይቅ እንጂ ሰው ቀበሌን እንደሚጠይቅ አልነበረም። ይህ ትምህርት ዛሬም ከብዙ ሰው ልብ እንዳልጠፋ መዘንጋት አይገባም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኀላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን የመረጠውን ተወካይ ከቦታው ለማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ይህም በተግባር የተጀመረው በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ገደማ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ጥቅል በጀት ለወረዳዎች መሰጠት ሲጀምር ነው። በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ሲቋቋም፣ ወረዳው የተቀበለውንና ያወጣውን ገንዘብ ተራው ነዋሪ በሚገባው መልክ በሰሌዳ እንዲለጥፍ፣ ስለ በጀትም ትምህርት እንዲሰጥ ተወሰነ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በአገራችን የመንግሥት ታሪክ ውስጥ ሹም ሒሳቡን በግድግዳ ላይ ይጻፍ መባሉ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ነቀፌታ በሐሳቡ ላይ ሳይሆን በአጻጻፉ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጕድለት ቍጥሩ ብቻውን መቆሙ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት መደበኛ በጀት ይህን ያህል፣ ካፒታል በጀት ይህን ያህል ተብሎ ይጻፋል። መደበኛው ምን እንደሆነ፣ ካፒታሉም ምን እንደሆነ አንባቢው እንዲያውቅ ይታሰባል። ዝርዝር ሲጨመርበት ደግሞ የሒሳብ መደቡ ቍጥር ይመጣል፤ 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ፣ 6231 የውሎ አበል መሆኑን ለሒሳብ ሹሙ መንገር አያስፈልግም፤ ለገበሬውና ለጉልት ነጋዴዋ ግን መዝጊያ ነው። ከዚህም ሌላ የዘንድሮው ቍጥር ከአምናው ጋር፣ የተመደበው ከወጣው ጋር፣ የአንዱም ቀበሌ ከሌላው ጋር ጎን ለጎን ካልተጻፈ በስተቀር ቍጥሩ ትልቅ ይሁን ትንሽ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ማነጻጸሪያ የሌለው ቍጥር የሚያስደንቅ እንጂ የሚያስጠይቅ አይሆንም። በብዙ ወረዳ ከመደበኛው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል የታወቀ ነው። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል «ከየ100 ብሩ 80ው ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች ደመወዝ፣ 20ው ለቀረው ሥራ ሁሉ ነው» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይረዳል፤ መምህሩ ከሥራ ቢቀር የጠፋው የእርሱ ገንዘብ መሆኑንና፣ ወረዳው እንደ ልቡ የሚያዝበት ገንዘብ ጥቂት መሆኑን። ሁለተኛው ለሹሙም ይጠቅመዋል፤ ያልተሰጠውን ገንዘብ በልቷል ተብሎ እንዳይታማ ያደርገዋልና።

ሁለተኛው ጕድለት የቋንቋ ነው። የአማርኛ ግስ አድራጊውን በራሱ ውስጥ ይዞ የሚሄድ ነው፤ «ሠራ» ስንል እርሱ፣ «ሠራች» ስንል እርሷ፣ «ሠሩ» ስንል እነርሱ መሆናቸው ወዲያው ይታወቃል። የመሥሪያ ቤት አማርኛ ግን ይህን ጸጋ ትቶ በተደራጊ ግስ ውስጥ ተሸሽጓል። «ችግሩ እንዲቀረፍ ይደረጋል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «ትኩረት ተሰጥቶ ይሠራል» ይላል። ማን ያደርጋል? ማን አስቀመጠ? እስከ መቼ ይሠራል? በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የሚጠየቅ ሰው የለም። ይህ የሰዋስው ጕዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኛ ግን የአስተዳደርም ጕዳይ ነው እንላለን። «ተጠያቂ» ማለት የሚጠየቅ ማለት ነውና፤ የሚጠየቀው ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ከወጣ ተጠያቂነት የሚባለው ቃል ባዶ ይቀራል። «ባለድርሻ አካላት»፣ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚሉትም አነጋገሮች እንዲሁ ናቸው። ግንዛቤ የሚጨብጠው ሁልጊዜ ሕዝቡ፣ የሚያስጨብጠው ሁልጊዜ ሹሙ ሲሆን፣ ሹሙ ከሕዝቡ የሚማረው ነገር እንደሌለ አስቀድሞ ተፈርዷል።

ሦስተኛው የጊዜና የቦታ ጕድለት ነው። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን ነው። ሰሌዳው የሚወጣው ምክር ቤቱ በጀቱን ካጸደቀ በኋላ ስለ ሆነ፣ አንባቢው የተቈረጠውን ያነባል እንጂ ከመቈረጡ በፊት ቃሉን አይሰጥም። ቦታውም የጽሕፈት ቤቱ ግቢ ነው፤ ወደዚያ የሚሄደው ጕዳይ ያለበት ሰው ሲሆን፣ ጕዳይ ያለበት ሰው ደግሞ ጕዳዩ እንዳይጓተትበት የሚፈራ ስለ ሆነ ቆሞ ሲያነብ ለመታየት እንኳ አይደፍርም። ማንበብ የማይችለውን ሰው ደግሞ ሰሌዳው ፈጽሞ አላሰበውም።

አሁን ደግሞ ያንኑ ነዋሪ በሌላ ቦታ እንመልከተው፤ በእድሩ። በእድር ጉባኤ ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ የገባውንና የወጣውን ያነባል። ድንኳን ለመጠገን ይህን ያህል፣ ሳህን ለመግዛት ይህን ያህል፣ ለእገሌ ቤት ሐዘን ይህን ያህል ይላል። አንዲት እናት፣ ፊደል ባትቆጥርም፣ «ባለፈው ዓመት የገዛነው ሳህን የት ሄዶ ነው ዘንድሮ ሌላ የሚገዛው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ዳኛውም ሆነ ገንዘብ ያዡ መልስ ሳይሰጥ አይቀመጥም። እንግዲህ ሕዝባችን ሒሳብ መጠየቅ አያውቅም የሚለው አነጋገር ሐሰት ነው። በእድር የሚጠይቅበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ ከኪሱ ሲወጣ አይቶታል፣ ሒሳቡ በሚያውቀው ዕቃ ስም ይነገረዋል፣ ጠያቂና ተጠያቂ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ገንዘብ ያዡም ካላረካ ይሻራል። በወረዳው ግን ከአራቱ አንዱም በሚገባ የለም። የወረዳው ገንዘብ አብዛኛው ከበላይ በድጎማ ስለሚመጣ ነዋሪው «የመንግሥት ገንዘብ» ይለዋል እንጂ «ገንዘቤ» አይለውም፤ ስኳርና ሳሙና በገዛ ቊጥር ግብር መክፈሉንም የነገረው የለም።

እድር የጥቂት ጎረቤቶች ማኅበር ነው፤ አንድ መቶ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርበትን ወረዳ እንደ እድር ማስተዳደር አይቻልም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወረዳው ሁሉ በአንድ ጉባኤ ይሰብሰብ አላልንም፤ ሒሳቡ ወደ ሰው መጠን ይውረድ ነው ያልነው። ለዚህም ከራሳችን አገር ምሳሌ አለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ድጎማ በተማሪ ቍጥር ይሰላ ነበር። የተማሪው ብዛትና ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው ብር ከታወቀ፣ ማንኛውም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ሁለቱን አባዝቶ ለትምህርት ቤቱ የሚገባውን ያውቃል፤ ከዚያም ያልተጠገነውን ወንበር እያየ ይጠይቃል። አስቸጋሪ የተባለው በጀት በአንዲት ማባዛት ተከፈተ ማለት ነው።

ከሰሌዳው ጋር አብሮ የመጣውን የማኅበራዊ ተጠያቂነት ሥራም ሳንመለከተው ማለፍ አይገባንም። በዚህ ሥራ ተገልጋዮች ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውሃ፣ ለግብርናና ለገጠር መንገድ አገልግሎት ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከዚያም ከአገልግሎት ሰጪዎቹ ጋር ተቀምጠው የጋራ ዕቅድ ያወጣሉ። ገጽ ለገጽ መገናኘቱ ከሰሌዳው የበለጠ ከእድሩ ይቀርባል፤ ስለዚህ እናመሰግነዋለን። ሆኖም ነጥብ የሚሰጠው ለነርሷና ለመምህሩ ሲሆን፣ መድኃኒቱ እንዲገዛ ወይም እንዳይገዛ የወሰነው ሰው በስብሰባው ላይ ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ተጠያቂነት እንደ ጎርፍ ወደ ታች ወርዶ በመጨረሻው ትንሽ ሠራተኛ ላይ ይጠራቀማል። ለዚህም አንዱ ምክንያት የሕግ ነበር ይመስለናል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዐዋጅ ከገቢያቸው ከመቶ ዐሥር እጅ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙት ድርጅቶች በመብት ጕዳይ እንዳይሠሩ ስለ ከለከለ፣ ስለ አገልግሎት እንጂ ስለ መብት መናገር አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ዐዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ አነጋገሩ ግን ከሕጉ ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል።

ደግሞም ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ገንዘብ ያዡ የሚፈራው ሊሻር ስለሚችል ነው። የአካባቢ ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተደርጎ፣ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ግን ተላለፈ። የምርጫ ቀን ሲራዘም ሰሌዳው ምንም ያህል ቢያምር ኀይሉ ይቀንሳል፤ አንባቢው አንብቦ የሚያደርገው ነገር የለውምና።

በዚህ መካከል ግን በእጃችን ያለ አንድ መሣሪያ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነጻነት ሕግ ማንም ሰው ለምን እንደ ፈለገው ምክንያት ሳይሰጥ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ፈቅዷል፤ መሥሪያ ቤቱም መልስ የሚሰጥበት የ30 ቀን ወሰን ተደርጎለታል። ይህ መብት በሰሌዳው ግርጌ በአንዲት መሥመር ቢጻፍ፣ ሰሌዳው ከማስታወቂያነት ወደ መልስ መቀበያነት ይለወጥ ነበር።

ከላይ ከተባለው የምናወጣው ምክር ይህ ነው። ሰሌዳው ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ዓመቱም ሲጋመስ አንድ ጊዜ ይውጣ። የአምናውና የዘንድሮው፣ የታቀደውና የወጣው ጎን ለጎን ይቀመጡ። ከየሥራው አጠገብ የኀላፊው የሥራ ማዕርግና የሚጠናቀቅበት ቀን በአድራጊ ግስ ይጻፍ፤ «የውሃ ጽሕፈት ቤት ኀላፊ ቧንቧውን እስከ መጋቢት 30 ቀን ያስጠግናል» ይባል። በየአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በገበያ ቀን፣ በእድርና በሬዲዮ ጮኾ ይነበብ፤ ከተነበበም በኋላ ጥያቄ ይቀበል።

በዚህ ረገድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ዕዳ አለብን። የሕግ፣ የኢኮኖሚና የቋንቋ ተማሪዎች በየትምህርታችን ብዙ ወረቀት እንጽፋለን፤ የየራሳችንን ወረዳ ሰሌዳ ወስደን ለአንዲት የእድር አባል በሚገባ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሲዳምኛ መልሶ ለመጻፍ ግን ሰፊ ገንዘብም ልዩ ፈቃድም አያስፈልገንም። መምህሮቻችን ይህን እንደ አንድ የክፍል ሥራ ቢቈጥሩልን፣ ጽሑፉን የሚያርመው መምህሩ ብቻ አይሆንም፤ እናቲቱ ሰምታ መጠየቅ ከቻለች ፈተናውን አልፈናል፣ ዝም ካለች ግን እንደገና እንጽፋለን።