ታሪኩ የተለየው ስም

ስለ 1928 ዓ.ም. ጦርነት የሚጽፍ ደራሲ ብዙውን ጊዜ ማይጨው ሲደርስ ብዕሩን ያኖራል። ማይጨው መከበሩ ተገቢ ነው፤ ስሕተቱ የአንድ ግንባር ፍጻሜ የጦርነቱ ሁሉ ፍጻሜ መስሎ መተረኩ ነው። በደቡብ የዘመቱት ራስ ደስታ ዳምጠው በጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ በግራዚያኒ ጦርና በአውሮፕላን ድብደባ ድል ቢሆኑም፣ ከማይጨው በኋላ እንኳ አሥራ አንድ ወር ያህል ሳይበገሩ ተዋግተዋል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች ገብረ ማርያም በጉራጌ ምድር ጎጌቲ ላይ ወደቁ፤ የካቲት 17 ቀን ራስ ደስታም ተይዘው በጥይት ተገደሉ።

ዛሬ በአዲስ አበባ በሽተኛው ወደ ራስ ደስታ ሆስፒታል፣ ተማሪው ወደ ሊሴ ገብረ ማርያም ይሄዳል። ስማቸው በሁሉ አፍ አለ፤ ገናሌና ጎጌቲ ምን እንደ ተደረገ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ታሪኩ የተለየው ስም ግን የበር ጽሕፈት ብቻ ሆኖ ይቀራል። መሪዎቹስ ይህን ያህል አግኝተዋል፤ አብሯቸው የወደቀው ጭፍራ በየትኛውም በር ላይ አልተጻፈምና፣ መታሰቢያውን የሚጠብቀው ከደራሲ ብዕር ነው።