ሦስተኛውን ምዕራፍ ማን አነበበው?

ፍራንዝ ፋኖንን የሚጠቅስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመው «የምድር ጎስቋሎች» መጽሐፉ የቅኝ ግዛት ከተማ ለሁለት የተቆረጠ ነው። በአንድ በኩል አስፋልትና መብራት ያለው የሰፋሪው ሰፈር፣ በሌላ በኩል ሰው ተደራርቦ የሚኖርበት የአገሬው ሰፈር፤ መሐል ላይ ፖሊስና ወታደር።

መጽሐፉን ያነበብኩት ዓባይ ማዶ ሆኜ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብዬ ነበር። ቅኝ አልተገዛንማ! ጣሊያን አምስት ዓመት ቆየ፣ ተባረረ፣ አለቀ። ቤትም ትምህርት ቤትም እየሰማን ያደግነው ይሄንኑ ነው።

ግን አላለቀም። አዲስ አበባን እንኳ ብንወስድ፣ ወራሪው ነጩንና ጥቁሩን ለያይቶ ሊያሰፍር አቅዶ ነበር። መርካቶ ስሙን ያገኘው «ለአገሬው ሰው» ተብሎ ከተለየው ገበያ ነው። ካዛንቺስም፣ ፖፖላሬም የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። የባሕር ዳር ነገር ደግሞ ረቀቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ስምምነት ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው ከዚህ ካሳ ነው፤ የተቋቋመውም በ1953 ዓ.ም.፣ መጽሐፉ በታተመበት ሰሞን ማለት ነው። ከዚያ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ መጣ፤ ሶቪየት ኅብረት ፖሊ ቴክኒክ አቋቋመች፤ ጀርመኖች ማስተር ፕላን ነደፉ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ የገነባውም የቻይና ተቋራጭ ነው።

እኔ ፋብሪካውንም ድልድዩንም አልጠላም። በፋብሪካው ደመወዝ ስንት ቤት ልጅ አሳድጓል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ከተማችን ባደገች ቁጥር ገንዘቡ ወይም እውቀቱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከሆነ፣ ምን ይቅደም የሚለውን ማን ይወስናል? ቅኝ ሳይገዙም በሌላ ሰው ልክ መሰፋት አለ።

እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያው ምዕራፍ ያዋጣል። ከዚህ በኋላ ግን እሱን ብቻ የያዘ ሰው ይሳሳታል፤ ጥፋተኛው ሁሌ ፈረንጅ ይሆንበታላ! እስኪ ጣና ዳር ወረድ በሉ። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ከሐይቁ እየተገፋ ኖሯል። ውኃው ዳር ሆቴልና ሎጅ ቆሟል። ታንኳው ለቱሪስት ፎቶ ይፈለጋል፤ ታንኳ ሠሪው ግን የሚቆምበት ዳርቻ ጠቦታል። ይህን ያደረገው ጣሊያን አይደለም።

ሦስተኛው ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚህ ነው። ነጻ በወጣው አገር ባለጊዜው የሰፋሪውን ወንበር ወርሶ ይቀመጣል፤ አገሩንም ለሀብታም ጎብኚ መዝናኛ አድርጎ ያሰናዳል ይለናል። ሰውዬው ጣና ዳርን የሚያውቅ ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ሁሉም ነገር ዋና ከተማ ውስጥ አይከማች፣ ወደ ክፍለ ሀገር ይውጣ ይላል፤ መድኃኒቱ እዚያ ያለ ይመስለዋል። ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ ሆና አየነው። ቢሮው መጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፣ አስፋልቱ ተነጠፈ። ሥራ ፍለጋ ለሚወጣው የሜጫና የደራ ገበሬ ልጅ ግን አሁን አዲስ አበባው ባሕር ዳር ናት። ክምችቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተበተነም።

ጠዋት ጠዋት ድልድዩ ላይ ከኛ ሰፈር ወደ ከተማው የሚሻገረውን የቀን ሠራተኛ አያለሁ። ምሳውን በፌስታል ይዟል። ማታ ይመለሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ የተሸከመለት ሕንፃ እዚያው ይቀራል። መሐል ላይ የሚያግደው ወታደር የለም፣ አጥርም የለም። የቤት ኪራዩ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ መጽሐፉን የጀመራችሁ ልጆች፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጨርሳችሁ አትዝጉት። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ የለመዳችሁትን ፈረንጅ ብቻ አይደለም የምታገኙት፤ እኛንም ነው።