መሰላል ላይ የወጣች እጅ

ሊላክ የአውሮፓ ጸደይ መዓዛ ነው። ለእኛ ባዳ ይምሰል እንጂ ዘመዶቹ ደጃችን ላይ አሉ፤ ወይራም ጠምበለልም ከእሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ላይ ተክሎ አበባውን ማየት ግን ይከብዳል። ሊላክ በደንብ የሚያብበው ለሳምንታት የማይለቅ ብርድ ካገኘ ብቻ ነው። የከተማችን የኅዳር ሌሊት ብርድ አጥንት ድረስ ቢዘልቅም፣ የቀኑ ፀሐይ መልሶ ያሞቀዋል። እናም ይህን አበባ ያከበሩትን ባልና ሚስት ፍለጋ የምንሄደው ፈረንሳይ፣ ናንሲ ከተማ ነው።

ቪክቶር ለሟንና ባለቤቱ ማሪ ሉዊዝ በናንሲ አበባ እያፈሉ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። በ1870 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይና የፕራሻ ጦርነት ተነሣ፤ ከተማቸውም በጠላት ጦር ተያዘች። በዚያ የጭንቅ ጊዜ ሐሳባቸውን ሊላክ በማዳቀል ላይ ጣሉ።

ለእናትነት የመረጡት ተክል ድርብ አበባ ያወጣል፤ አበባው ግን ደቃቃ ነው። ችግሩም ከድርብነቱ ይጀምራል። የወንዴ ዱቄት መያዝ የነበረባቸው ክፍሎች ወደ መልካበባ ተለውጠዋል፤ ስለዚህ አባት መሆን አይችልም። ሴቴው ክፍልም በተደራረቡት መልካበባዎች መካከል ተቀብሯል፣ ብዙ ጊዜም ቅርጹ የተበላሸ ነው። የቪክቶር ዓይን ደክሟል፤ እጁም እንደ ድሮው አይጸናም። መሰላሉን የወጣችው ማሪ ሉዊዝ ናት።

ሥራውን በዓይነ ኅሊና እንከተለው። ከጥፍር የምታንስ አበባ ሳትቀደድ ትከፈታለች፤ ሴቴው ክፍል ይፈለጋል፤ ከተመረጠ ሌላ ሊላክ የመጣው ዱቄት በስሱ ይነካበታል። ከዚያ ወደሚቀጥለው አበባ። በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ በላይ አበባ እንዲህ ተዳቅሎ የተገኘው ደህና ዘር 7 ብቻ ነበር።

ከአፍንጮ በር ሽቅብ፣ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ጥለቱ ሲያምር በዚያው ቀን ያየዋል፤ ከተሳሳተም ፈትቶ ያርመዋል። ማሪ ሉዊዝ ይህ ዕድል አልነበራትም። ዘሩ ተዘርቶ፣ ችግኙ አድጎ፣ አበባው እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። እጇ ልክ መሥራቱ የታወቀው በ1876 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው አዲስ ሊላክ ሲያብብ ነው። የዚህ ሙያ ልዕልና እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ማንም የማያየውን፣ ራሷም ቶሎ የማታየውን ንክኪ፣ ሁሉ ሰው የሚያየው ይመስል በጥንቃቄ መሥራት።

ሁለተኛው ጥበብ መረጣ ነበር። ከበቀሉት መካከል የላቀውን ይዘው፣ እሱንም ምርጥ ከሆነ ሌላ ሊላክ ጋር መልሰው ያዳቅላሉ። ልጃቸው ኤሚል፣ ኋላም የልጅ ልጃቸው አንሪ ሥራውን ተረከቡ፤ ከዚህ ቤት የወጡት የሊላክ ዝርያዎችም ከ200 በለጡ።

በ1890 እ.ኤ.አ. የወጣው ነጭ ድርብ ሊላክ «ማዳም ለሟን» ተባለ፤ ዛሬም ይሸጣል፣ ይተከላል። ተገቢ ስያሜ ነው። በታሪክ መጻሕፍት ጎልቶ የሚነሣው የቪክቶር ስም ነው፤ እሱም ክብሩ ይገባዋል፤ ዓላማውን ያየ፣ የመረጠ፣ የጸና ሰው ነበርና። የእሱን ሐሳብ ዘር ያደረገው ግን የእሷ እጅ ነው። በየቤተሰብ ሥራው ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ አለ፤ ሥራው ሲመሰገን ስሙ አብሮ ይጠራ።