ጥልፍ ከጀርባው ይታያል፦ የልጆችን የእንግሊዝኛ ፕሮጀክት ለሚመዝኑ

ጥልፍ የምታውቅ ሴት ቀሚስ ልትገዛ ስትል መጀመሪያ ገልብጣ ታያለች። ከፊት ሁሉም ያምራል። ክሩ የት እንደተቋጠረ፣ የት እንደተዘለለ፣ የጠላፊዋ እጅ የት ላይ እንደቸኮለ የሚናገረው ጀርባው ነው። በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል አካባቢ፣ ከሥጋ ደዌ የዳኑ ሴቶች በሚሠሩት ጥልፍ ይታወቃሉ። የእነሱን ሥራ በእጁ ይዞ ያገላበጠ ሰው የምለው ይገባዋል።

የትምህርት ዘመኑ ሲገባደድ፣ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በራቸውን በሚከፍቱበት ቀን፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል የክፍሎች ግድግዳ በቻርት ይሞላል። የፍራፍሬ ሥዕል አለ፤ የካርቶን ቤት አለ፤ የሰውነት ክፍሎች በቀስት ተጠቁመው በእንግሊዝኛ ተጽፈዋል። ወላጅ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። የጥልፉን ጀርባ ግን ገልብጦ የሚያይ ጥቂት ነው። የልጅ የእንግሊዝኛ ፕሮጀክት ጀርባው፣ ሥራው ሲሠራ ልጁ አፍ ውስጥ የገባው እንግሊዝኛ ነው። መመዘን ያለበትም እሱ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይማራል፤ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ቋንቋውን መሣሪያው ለማድረግ ያለው ጊዜ 6 ዓመት ነው። በሽምደዳ ፈተና ሊያልፍ ይችላል፤ በሽምደዳ ግን የሳይንስ መጽሐፍ አንብቦ ጥያቄ መጠየቅ አይችልም።

ቻርቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት

የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። ቻርቱን አዙሩና ልጁን በቀላል እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ምን ሠራህ? ማንን ጠየቅህ? የቱ ላይ ተቸገርህ?

የሸመደደ ልጅ ያለ ስሕተት ይጀምራል፤ ቃላቱ እንደ ውኃ ይወርዳሉ። መሐል ላይ አቋርጣችሁ አንድ ነገር ብትጠይቁት ግን ይጠፋበታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ቃል ይነሣል። ራሱ የሠራው ልጅ ያመነታል፣ በእጁ ያሳያል፣ ቃል ይፈልጋል፣ ሌላ ቃል ተክቶ ይቀጥላል። ማመንታቱን እንደ ድክመት የሚቆጥር ዳኛ የቀኑን ምርጥ ሥራ ሊጥል ይችላል።

አነጋገሩን በጥቃቅኑ አትቁረጡበት። አማርኛችን ቃልን በሁለት ተከታታይ ተነባቢ መጀመር ስለማይወድ ልጁ «እስኩል» ይላል። የሚሰማው ሰው እስከገባው ድረስ ይህ በጊዜ የሚቃና ነው።

የልጅ ስሕተትና የአዋቂ ትክክል

ሁለት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ በኮምፒውተር ታትሞ ተለጥፏል፦ «ኢንጀራ ኢዝ ኤ ስታፕል ፉድ ኦፍ ኢትዮጵያ»። ሌላው በእርሳስ ተጽፏል፦ «ማይ ማዘር ኢንጀራ ሴል»። ሁለተኛው ተሳስቷል። ስሕተቱ ግን የልጅቱን ሐሳብ መንገድ ያሳያል፤ «እናቴ እንጀራ ትሸጣለች» ብላ አስባ፣ አማርኛው እንደሚያዘው ግሡን መጨረሻ ላይ አስቀመጠችው። ዓረፍተ ነገሩ የእሷ ነው፤ እናቲቱም የእሷ ናት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን እንደሆነ አይታወቅም።

እዚያ ላይ ግን አትቁሙ። ጥሩ ሥራ ረቂቅ አለው። ደብተሯን ጠይቁ። ግሡ ወደ መሐል ገብቶ፣ «ሴል» ላይ «ዝ» ተጨምሮ «ማይ ማዘር ሴልዝ ኢንጀራ» የሆነበት ገጽ ካለ፣ የላጲሱ ፍቅፋቂ ቢያቆሽሸውም፣ ከግድግዳው ቻርት ይበልጣል። መምህር በቀይ እስክሪብቶ አርሞት ልጅ የገለበጠውን ግን ከዚህ አትቁጠሩት። ለምን እንደለወጠችው በአማርኛም ቢሆን ማስረዳት ከቻለች እርማቱ የራሷ ሆኗል።

እንግሊዝኛው ሥራ አለው ወይ?

በ1918 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዊልያም ኪልፓትሪክ «የፕሮጀክት ዘዴ» የሚለውን ጽሑፍ ሲያወጣ፣ የሐሳቡ ልብ ልጁ የራሴ ብሎ በሙሉ ልቡ የተነሣበት ዓላማ ነበር። መቁረጥና መለጠፍ ብቻውን ፕሮጀክት አይሆንም። ልጆች ሁለት ሰዓት በመቀስና በማጣበቂያ አሳልፈው አራት የእንግሊዝኛ ቃል ከጻፉ የእጅ ሥራ ተምረዋል፤ ይህም ክብር አለው፤ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜው ግን አልፏል።

እንግሊዝኛው የግድ የሚያስፈልግበትን ሥራ ፈልጉ። ኮልፌ አጠና ተራ ቅርብ ነው። የ4ኛ ክፍል ልጆች ከመምህራቸው ጋር ሄደው ባሕር ዛፉንና ቀርከሃውን ይለካሉ፤ ነጋዴውን «ጋሼ፣ ይሄኛው ለምን ይሆናል? ዋጋውስ?» ብለው በአማርኛ ይጠይቃሉ። ክፍል ሲመለሱ ደግሞ ላልሄደው ቡድን በእንግሊዝኛ ያስረዳሉ። ያኔ «ሎንግ፣ ሎንገር፣ ሎንገስት» ከመጽሐፍ ወጥቶ የሚያገለግል ነገር ይሆናል፤ አጠናዎቹን ሳያወዳድሩ ማስረዳት አይቻልማ። በአማርኛ መጠየቃቸው ነውር የለበትም። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግሩት ድልድይ ራሱ ትምህርቱ ነው።

የቡድን ሥራ ሲሆን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ከ50 በላይ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል፣ በየቡድኑ አንድ ጎበዝ እንግሊዝኛውን ይሸከማል፤ የቀሩት ቀለም ይቀባሉ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ለጎበዙ አታቅርቡ። ከኋላ የቆመችውን ዝምተኛ ልጅ ጠይቁ። የቡድኑ ውጤት እሷ የምትናገረው ነው።

የሰፈር ታሪክ፣ በልጅ አፍ

ለ6ኛ ክፍል የሚሆን ታላቅ ጉዳይ እዚሁ አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ በ1962 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነበር። 6 ወር እንዲቆይ የታሰበው ሥልጠና በ2 ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ፤ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። ራሱም በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው የሕይወት ታሪኩ ኮልፌን አንስቷል።

ልጆች ይህን ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አጭር ድራማ ቢያደርጉት ምኑን እንመዝናለን? ዓረፍተ ነገሩን በጆሮ። ከኢንተርኔት የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ ልጁ መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ልጆች ራሳቸው የጻፉት አጭር ነው፦ «ሁ አር ዩ?» «አይ ኬም ቱ ለርን።» ሰልፍ ላይ የቆመው ታናሽ ተማሪ ከሰማውና ከገባው፣ ሥራው ተሳክቷል።

ከጃፓን የምንማረው

በጃፓን እንግሊዝኛ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት የሆነው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ደግሞ በማዳመጥና በመናገር ላይ ያተኮረ የቋንቋ ጨዋታና ልምምድ ተደረገ። ከዚያች አገር ለእኛ ልጆች የሚስማማ አንድ አሮጌ ጥበብ አለ። ካሚሺባይ ይባላል፤ የወረቀት ቲያትር ማለት ነው። በ1930ዎቹ ከረሜላ ሻጮች በብስክሌት እየዞሩ፣ በእንጨት ፍሬም ውስጥ ሥዕሎችን አንድ በአንድ እየሳቡ ለሰፈር ልጆች ተረት ይተርኩ ነበር። ሥዕሉ ለተመልካች፣ ጽሑፉ በካርዱ ጀርባ ለተራኪው።

ኮልፌ ላይ የብስኩት ካርቶን ፍሬሙ ይሆናል፤ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ካርዱ ይሆናል። የጥንቸሏም ሆነ የጦጢት ተረት ከአያት አፍ ይመጣል። ስትመዝኑ ካርዱን ገልብጡት። ሙሉው ጽሑፍ ከሰፈረ ልጅቱ ታነባለች። ሦስት ማስታወሻ ቃል ብቻ ካለ ትተርካለች። መተረክ የምትችል ልጅ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ናት።

የወላጅ እጅ፣ የወላጅ ኪስ

በጽሕፈት መሣሪያ መደብር የታተመ ቻርት፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ የስፖንጅ ፊደል ሁሉ ይሸጣል። መስመሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ሥራ ስታዩ ማን እንደቆረጠው ጠይቁ። ወረቀቱን አይቶ ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ የአባትን ኪስ መዝኗል። እንጀራ ሸጣ የምታስተምር እናት ልጅ ደግሞ በእርሳስ የጻፈችውን ይዛ ጥግ ላይ ትቆማለች። ይህ ልጅን ገና በጠዋቱ «እንግሊዝኛ የእኔ አይደለም» ያሰኛል። ከዚህ የከፋ ጉዳት አላውቅም። ልጁን መርዳት የሚፈልግ ወላጅ መቀሱን ይተውና ማታ ማታ ይጠይቀው፤ እንግሊዝኛ ባይችል እንኳ «ዛሬ የጻፍከውን አንብብልኝ፣ ምን ማለት ነው?» ማለት ይችላል።

የመጨረሻው ፈታኝ ጊዜ ነው። የጥልፍ ቀለም ለቀቀ አልለቀቀ የሚታወቀው ሲታጠብ ነው። ክረምቱ አልፎ፣ ቻርቶቹ ወርደው፣ ልጆቹ በመስከረም ሲመለሱ ያቺን ከኋላ የቆመች ልጅ እንደገና ጠይቋት። የትኛው አጠና ረጅም እንደነበረና ነጋዴው ምን እንዳላት በእንግሊዝኛ ከነገረቻችሁ፣ ያ ፕሮጀክት ጥሩ ነበር።