የኮንጎ ኢል

በሉዊዚያናና በፍሎሪዳ ረግረጎች የሚኖረውን አምፊዩማ የአካባቢው ሰው «የኮንጎ ኢል» ይለዋል። እንስሳው ከኮንጎ አልመጣም፤ ኢል የሚባለው ዓሣም አይደለም፤ የእንቁራሪት ዘመድ የሆነ ሳላማንደር ነው። ስሙን ባወጡለት ግን አልፈርድም። ከ1 ሜትር ሊበልጥ የሚችለው ሙልጭልጭ ገላው ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲጥመለመል፣ ኢምንት የሆኑትን አራት እግሮቹን ማን ልብ ይላል? ሦስቱ ዝርያዎች የሚለዩት እንኳ በእነዚያ እግሮች ጣት ብዛት ነው፤ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጣት።

ረግረጉ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ዝናብ ይጠብቃል። ከሁሉ የምወድለት ግን የእናቲቱን ነገር ነው፦ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ እንቁላሎቿን ዙሪያቸውን ተጠምጥማ ትጠብቃለች። ቀይ የደም ሴሎቹም የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ከሚታወቁት ግዙፎቹ መካከል ናቸው።